የስፖርት ካርድ ላይ ያለ ፊርማ ፎርጂድ መሆኑን እንዴት እንለያለን?

የስፖርት ካርድ ማለት የተጫዋች ፎቶ ታትሞበት በፓኬት የሚሸጥ፣ ሰብሳቢዎችም የሚገበያዩበት ትንሽ ካርቶን ነው። የተፈረመበት ካርድ እጃችሁ ሲገባ ፊርማው የተጫዋቹን ይመስል እንደሆነ ለማየት አትቸኩሉ። መምሰሉ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ጥያቄ ነው። ፎርጂድ የሚሠራ ሰው ቀን ከሌት የሚለማመደው ቅርጹን ነው፤ በቅርጹ ብቻ የሚፈርድ ገዢ አስመሳዩን የሚገጥመው በሚበረታበት ሜዳ ላይ ነው ማለት ነው። አስመሳዩ የሚሸነፈው ሌላ ቦታ ነው፦ ካርዱ በታተመበት ዘመን፣ በእስክሪብቶው ዓይነት፣ ቀለሙ በካርዱ ላይ ባረፈበት ሁኔታ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በእጁ ፍጥነት። ስለዚህ ምርመራው በዚህ ቅደም ተከተል ይሂድ፦ እንዲህ ያለ ፊርማ ሊኖር ይችላል ወይ? በሰው እጅ ነው የተጻፈው? እጁ ሳያመነታ ነው የጻፈው? ከዚያ በኋላ ብቻ፣ የዚያ ሰው የዚያ ዘመን ፊርማ ነው ወይ?

ጉዳዩ የጥቂት አጭበርባሪዎች ብቻ አይደለም። የአሜሪካው ኤፍቢአይ በ1990ዎቹ አጋማሽ የማይክል ጆርዳንና የሌሎች የቺካጎ ስፖርተኞችን ፊርማ የሚያስመስሉ ሰዎችን መከታተል ጀመረ። ምርመራው ኋላ ወደ ሳንዲዬጎ ሰፍቶ «ኦፕሬሽን ቡልፔን» ተባለ፤ በ1999 ቤቶችና መጋዘኖች ሲፈተሹ ከስፖርተኞቹ ፊርማ ሌላ የእናት ቴሬዛ ፊርማ የሰፈረበት የቤዝቦል ኳስ ሳይቀር ተገኘ። ልብ በሉ፣ እነዚያ ዕቃዎች ሲሸጡ የትክክለኛነት ሰርተፊኬት አብሯቸው ነበር። (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሚያስፈልጉ መሣሪያዎች

ወርቅ ሠሪዎች የሚይዙት ዓይነት 10 እጥፍ የሚያጎላ ማጉያ መነጽር ዋናው ነው። ከስልክ ወይም ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኝ፣ ከ50 እስከ 200 እጥፍ የሚያጎላ ትንሽ ማይክሮስኮፕ ካገኛችሁ ሥራው በእጅጉ ይቀልላል። ትንሽ የኤልኢዲ ባትሪ፣ ሚሊሜትር ያለው ማስመሪያና የአልትራቫዮሌት ባትሪ ጨምሩ። የአልትራቫዮሌቱ 365 ናኖሜትር ቢሆን ይመረጣል፤ ርካሹ 395 ናኖሜትር ራሱ ደማቅ ሐምራዊ ብርሃን ስለሚረጭ የወረቀቱን ደካማ ፍካት ይሸፍነዋል።

ካርዱን በጠርዙ ያዙት፤ ፊርማውን በጣት አትንኩ። አንዳንድ ሰው «ቀለሙ ይለቅ እንደሆነ ልሞክር» ብሎ አልኮል የነካ ጥጥ ያሳርፍበታል። ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። የማርከር ቀለም እውነተኛም ቢሆን ሐሰተኛ በአልኮል ይለቃል፤ ፈተናው ምንም ሳይነግራችሁ ካርዱን ያበላሽባችኋል።

ይህ ፊርማ ሊኖር ይችላል ወይ?

እዚህ ላይ ማጉያ እንኳ አያስፈልግም፤ ሦስት ቀኖችን ማስተያየት ብቻ ነው፦ ካርዱ የታተመበት፣ ፈራሚው ያረፈበት፣ እስክሪብቶው ገበያ ላይ የዋለበት።

የቤዝቦል ኮከቡ ሮቤርቶ ክሌመንቴ የእርዳታ ዕቃ ይዞ ወደ ኒካራጓ ሲበር በአውሮፕላን አደጋ የሞተው ዲሴምበር 31 ቀን 1972 ነው። ካርድ አታሚው ቶፕስ በ1973 ባወጣው ስብስብ ውስጥ በቁጥር 50 የእሱ ካርድ አለ። ያ ካርድ ለሕዝብ የተሸጠው እሱ ካረፈ በኋላ ስለሆነ በላዩ የሰፈረ የክሌመንቴ ፊርማ ሁሉ ምንም ያህል ቢያምር ሐሰት ነው። የኒውዮርክ ያንኪስ ቤዝቦል ቡድን ተጫዋቹ ተርማን መንሰንም እንዲሁ ነው፤ ኦገስት 1979 ስለሞተ በ1980 ካርዱ ላይ ሊፈርም አይችልም። ኮቢ ብራያንት ጃንዋሪ 26 ቀን 2020 አርፏል፤ ከዚያ ቀን በኋላ በታተመ ተራ ካርድ ላይ «በአካል አስፈርሜው ነው» የሚል ሻጭ ቢመጣ ነገሩ እዚያው ያበቃል።

የእስክሪብቶው ጉዳይ ደግሞ እንዲህ ነው። የኳስ ጫፍ ያለው እስክሪብቶ በአሜሪካ ለገበያ የቀረበው በ1945 መጨረሻ ነው፤ ሻርፒ ማርከር በ1964። ሉ ጌሪግ በ1941 ስለሞተ በኳስ ጫፍ እስክሪብቶ የተጻፈ ፊርማው ሐሰት ነው። ቤብ ሩት በ1948 ስላረፈ በሻርፒ የተጻፈ ስሙ ሐሰት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን በተቃራኒው በኩል ነው። እስክሪብቶው መመዘን ያለበት ከካርዱ ዕድሜ ጋር ሳይሆን ከፈራሚው ዕድሜ ጋር ነው። ሚኪ ማንትል እስከ 1995 ስለኖረ በ1952 የቶፕስ ቁጥር 311 ካርዱ ላይ በማርከር ቢፈርም ምንም ነውር የለውም፤ በ1980ዎቹ በካርድ ትርዒቶች ላይ የቆዩ ካርዶቹን ለብዙ ሰው ፈርሟል። ይህን ሳያመዛዝን «ካርዱ የ1952 ነው፣ ማርከር አልነበረም» የሚል ሰው እውነተኛውን ይጥላል።

ካርዱ ራሱስ እውነተኛ ነው? በሐሰተኛ ካርድ ላይ ትክክለኛ ፊርማ ማግኘት የሚያጋጥም ነገር አይደለም። የዛሬው መደበኛ ካርድ ልኬት 63.5 በ88.9 ሚሊሜትር ነው፤ ከ1952 እስከ 1956 የወጡ የቶፕስ ካርዶች ከዚህ ይሰፋሉ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የነበሩት ደግሞ ሌላ ልክ አላቸው። በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሥር ጎዲ የተባለው ኩባንያ የ1933 ካርድ ነጭ ሰማያዊ ሆኖ ቢያበራ ወረቀቱ የዘመኑ አይደለም፤ ወረቀትን የሚያነጣው ኬሚካል በሰፊው ሥራ ላይ የዋለው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። የ1986–87 የፍሊር ኩባንያ የማይክል ጆርዳን ቁጥር 57 ካርድ ደግሞ በጣም ከተመሰሉት ካርዶች አንዱ ስለሆነ ፊርማ ሳይኖርበትም ሊጠረጠር ይገባል። በማጉያ ፎቶውን ሳይሆን ፊደሎቹንና ቀጫጭን መስመሮቹን እዩ። በእውነተኛ የኦፍሴት ኅትመት ጥቁር ፊደል ወጥና ድፍን ቀለም ነው፤ ከስካን ተነሥቶ በታተመው ሐሰተኛ ግን ፊደሉ ራሱ ወደ ባለቀለም ነጠብጣብ ይፈረካከሳል፣ ጠርዙም ይደበዝዛል።

በሰው እጅ ነው የተጻፈው?

ብዙ የቶፕስ ስብስቦች ፊርማ መሰል ጽሑፍ ታትሞባቸው ነው ከፋብሪካ የወጡት፤ የ1952፣ የ1959፣ የ1967 እና የ1975 ቤዝቦል ካርዶች ለዚህ ይጠቀሳሉ። አንዳንድ ሻጭ ሳያውቅ፣ አንዳንዱ እያወቀ «የተፈረመበት» ብሎ ይለጥፋቸዋል። መለያው ቀላል ነው። ካርዱን በመብራት ሥር ዘንበል አድርጉትና ብርሃኑ በላዩ ሲንሸራተት ተመልከቱ። የእስክሪብቶ ወይም የማርከር ቀለም ከካርዱ ወለል በላይ ስለሚቀመጥ ነጸብራቁ ፊርማው ላይ ሲደርስ ይቋረጣል ወይም ቀለሙን ይቀይራል፤ የታተመው ግን ከሌላው ሥዕል ጋር አብሮ ይንጸባረቃል። በቀለም ማተሚያ የተደረገ ከሆነ በማጉያ ሥር በመስመሩ ጠርዝ የተበተኑ ደቃቅ ነጠብጣቦች ታያላችሁ።

የጎማ ማኅተም ሌላ መልክ አለው፦ ቀለሙ ወደ መስመሩ ጠርዝ ተገፍቶ ይጠቁራል፣ መሐሉ ይሳሳል፣ መስመሮች በሚሻገሩበት ቦታም ሁለት ድርብ ቀለም አይታይም። በእጅ ሲጻፍ ኋላ የመጣው መስመር ከፊተኛው በላይ ስለሚያልፍ መሻገሪያው ይደምቃል። ይህን መሻገሪያ ሁልጊዜ ፈልጉት።

አውቶፔን የሚባለው ማሽን እውነተኛ እስክሪብቶ ይዞ ስለሚጽፍ ከባድ ነው። ግፊቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ነው፤ መስመሩ በሚጀምርበትና በሚያበቃበት ቦታ ብዕሩ ቀጥ ብሎ ወርዶ ቀጥ ብሎ ስለሚነሣ ነጥብ ይተዋል፤ ረጃጅም ኩርባዎች ላይ ደግሞ እኩል የሆነ ጥቃቅን ንዝረት ይኖራል። ቁርጡን የሚያሳውቀው ግን ማደራረብ ነው። የአንድ ሰው ሁለት ፊርማ ፍጹም አይገጥምም። የካርዱን ፊርማ ፎቶና የዚያው ተጫዋች የሌላ ፊርማ ፎቶ በስልክ አንድ ልክ አድርጋችሁ አንዱን ግልጽ በማድረግ በላዩ ጫኑት፤ መስመር ለመስመር ከገጠሙ ወይ ማሽን ነው ወይ ከአንዱ ላይ የተቀዳ ነው። ለተጫዋች በደብዳቤ ተልኮ፣ ተፈርሞ በፖስታ በተመለሰ ካርድ ላይ ይህ ፈተና አይታለፍ።

ከሥር መብራት ተበርቶ ከሌላ ፊርማ ላይ የተቀዳን ፊርማ ለመያዝ ባትሪውን ከካርዱ ጎን፣ ከወለሉ ጋር ሊተኛ ምንም እስኪቀረው ድረስ ዝቅ አድርጋችሁ አብሩ። አስመሳዩ ቀድሞ በእርሳስ ወይም በደነዘዘ ሹል ነገር ካሰመረ ከቀለሙ የወጣ የሠረጎደ መስመር ወይም የእርሳስ ቅሪት ጥላ ሠርቶ ይታያል።

የእጅ ፍጥነት

የምርመራው ልብ እዚህ ነው፤ ጊዜያችሁን የምታጠፉት እዚህ ይሁን።

የቤቱን መንገድ የሚያውቅ ሰው ሲራመድ እግሩን አያይም። ስሙን በሺህ ጊዜ የጻፈ ተጫዋችም እንዲሁ ፊደሉን አያስብም፤ እጁ ወረቀቱን ሳይነካ መንቀሳቀስ ይጀምራል፣ ወረቀቱን ለቆም ይቀጥላል። ስለዚህ የመስመሩ መነሻና መድረሻ እንደ ጭራ እየቀጠነ ይሄዳል። አስመሳዩ ግን ምርጫ አለበት። ቅርጹን ለመጠበቅ ከዘገየ መስመሩ ያጋልጠዋል፤ ለመፍጠን ከወሰነ ቅርጹ ያመልጠዋል። ሁለቱን አንድ ላይ የሚችል ጥቂት ነው።

በማጉያ ሥር የዘገየ እጅ ምልክቶች እነዚህ ናቸው። መስመሩ በድንገት፣ ደንደን ብሎ ይጀምራል፣ እንዲሁ ያበቃል። ውፍረቱ ላይ ታች ሳይል አንድ ዓይነት ሆኖ ይዘልቃል። ማርከር ከሆነ እጁ ባመነታበት ቦታ ሁሉ ቀለሙ ተንጠባጥቦ ክብ ነጥብ ይሠራል፤ ማርከር የቆመበትን አይደብቅም። በተለይ ትልልቅ ቀለበቶች ላይ ትንንሽ መንቀጥቀጥ አለ። ፊደል መሐል ላይ እስክሪብቶው ተነሥቶ እንደገና የተቀጠለበት መገጣጠሚያ ይገኛል፤ ተጫዋቹ በአንድ ትንፋሽ የሚጽፈውን ሦስት ቦታ ቆርጦ የጻፈ ሰው ሌላ ሰው ነው። አንዳንዴም መስመሩ ያልጣመው አስመሳይ ተመልሶ ያስተካክለዋል። ስሙን እየፈረመ ጭራውን የሚያሳምር ኮከብ ተጫዋች የለም፤ ፊርማ እንዲህ መጠገኑ ከባድ ማስረጃ ነው።

መንቀጥቀጥ ሁሉ ግን ሐሰት አይደለም። ሙሐመድ አሊ የፓርኪንሰን ሕመም እንዳለበት የታወቀው በ1984 ነው፤ ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ፊርማው እያነሰና እየጠበበ ሄደ። ከሕመሙ ብዙ ቆይቶ በታተመ ካርድ ላይ የ1960ዎቹ ሰፊና ፈሳሽ ፊርማ ካያችሁ ማማሩ ራሱ ነው ወንጀሉ። የታመመ ወይም ያረጀ እጅ በቀላሉም በከባዱም ቦታ ይንቀጠቀጣል፤ የአስመሳይ እጅ ቀጥታው መስመር ላይ ተረጋግቶ ኩርባና መገጣጠሚያ ላይ ሲደርስ ይደናገራል። ተጫዋቹ አጥር ተደግፎ ወይም እየሄደ የፈረመው ደግሞ ይዘላል እንጂ አይንቀጠቀጥም፤ መስመሩ ቢሰበርም ፍጥነቱ አለ።

የካርዱን ወለልም ግምት ውስጥ አስገቡ። አዲስ አንጸባራቂ ካርድ ማርከርን በደንብ አይቀበልም፤ ቀለሙ ወደ ጠብታ ይሰበሰባል፣ መስመሩ መሐሉ ላይ ባዶ ይቀራል። ለዚህም ነው ልምድ ያላቸው አስፈራሚዎች ካርዱን ቀድመው በሕፃናት ፓውደር ወይም በለስላሳ ላጲስ የሚያሹት። ስለዚህ የተቆራረጠ ቀለም ብቻውን አይፈርድም። የሚፈርደው መቆራረጡ ከየት እንደመጣ ነው፦ ከወለሉ ከሆነ በመስመሩ ሁሉ ይበተናል፤ ከእጁ ከሆነ በመገጣጠሚያዎች ላይ ይከማቻል።

እግረ መንገድ፣ «ለእገሌ» ተብሎ የተፈረመ ካርድ ዋጋው ስለሚቀንስ ስሙን በአልኮል የሚያጠፉ አሉ። ፊርማው እውነት ቢሆንም ካርዱ ተነካክቷል። በዝቅተኛ የጎን ብርሃን ከፊርማው በላይ ያለው ወለል ከቀሪው ይልቅ ደብዝዞ ወይም ተፍቆ ይታያል፤ ፊርማውም በማያሳምን ሁኔታ ወደ ካርዱ አንድ ጥግ ተገፍቶ ይገኛል።

ቅርጹን ማመሳከር

አሁን ወደ ቅርጹ እንምጣ። በመጀመሪያ ማነጻጸሪያ ሰብስቡ፤ ቢያንስ 20 ፊርማ፣ ሁሉም ምንጫቸው የታወቀ። ከሁሉ የሚሻሉት ካርዱን የሚያትመው ኩባንያ ራሱ በፓኬት ውስጥ ያወጣቸው የተፈረሙ ካርዶች ናቸው። ከኢንተርኔት መፈለጊያ ላይ እንደመጣ ፎቶ አትልቀሙ፤ ግማሹ ሐሰት ከሆነ ሐሰትን በሐሰት ነው የምትለኩት። ከዚያ በዘመን ከፍሏቸው። ማንትል በ1950ዎቹ መጀመሪያ የሚፈርመው ቀለል ያለ ነበር፤ በኋላ ዘመኑ ሁለቱ «ኤም» ፊደሎች በሰፊ ቅስት ተለይተው የሚታወቁ ሆኑ። ኮቢም ወጣት ሳለ ስሙን ዘርዘር አድርጎ ይጽፍ የነበረው ኋላ ላይ እጅግ አጥሯል። ካርዱ ላይ ያለው የየትኛው ዘመን ነው? ሻጩ «በ1998 በሜዳው በር ላይ አስፈረምኩት» ካለ በዚያ ጊዜ የነበረውን ፊርማ ነው የምትፈልጉት።

ስትለኩ ፊደል በፊደል «ይመስላል፣ አይመስልም» አትበሉ፤ ግንኙነቶችን ለኩ። ትልቁ ፊደል ከትንንሾቹ ስንት እጥፍ ይበልጣል? የአባት ስም መነሻው ከመጀመሪያው ስም በላይ ነው ወይስ በታች? በመሐላቸው ያለው ክፍተትስ? ጽሑፉ ወደ ላይ ያዘግማል ወይስ ይወርዳል? እስክሪብቶው የት የት ይነሣል? እነዚህን በ20ው ማነጻጸሪያ ላይ መዝግባችሁ ከትንሹ እስከ ትልቁ ያለውን ወሰን ያዙ። እውነተኛ ፊርማ በወሰኑ ውስጥ ይወድቃል፤ አንድ ነገር ብቻ ትንሽ ቢወጣ አትደንግጡ፣ ሦስት አራት ነገር አብሮ ከወጣ ግን ተዉት። ሌላም አለ፦ ሁሉም ልኬት ከአንድ ታዋቂ ፊርማ ጋር ልክ ለልክ ሲገጥም፣ አስመሳዩ የተማረው ከዚያው ሊሆን ይችላል።

ካርዱንም ማነጻጸሪያውንም ገልብጣችሁ እዩ። ፊርማው ቀጥ ብሎ ሲቆም ዓይን ስሙን ያነብና ያልፋል፤ ሲገለበጥ ግን ንባቡ ይቀርና መስመሩ ብቻ ይቀራል። ጀማሪን ወዲያው የሚጠቅመው ዘዴ ይህ ነው።

በተፈጥሮ ፍጥነት ተጽፎም የተጫዋቹ ያልሆነ ፊርማ አለ። በድሮው የቤዝቦል ዘመን የልብስ ክፍል ሠራተኞች ለኮከቦቹ ኳስና ካርድ ይፈርሙ ነበር፤ ጸሐፊዎችም ለደብዳቤ መልስ ይሰጡ ነበር። እነዚህ ሰዎች አያስመስሉም፣ ስሙን በራሳቸው እጅ ጽሑፍ ነው የሚጽፉት። የፍጥነቱን ፈተና ያልፋሉ፤ የሚወድቁት በዚህ በማመሳከሩ ነው።

ከፓኬት የወጡ የተፈረሙ ካርዶች

ካርድ አታሚው አፐር ዴክ በ1990 የቤዝቦል ተጫዋቹን የሬጂ ጃክሰንን በእጅ የተፈረሙ፣ 2,500 ቁጥር የተሰጣቸው ካርዶች በፓኬት ውስጥ ከደበቀ ወዲህ፣ ኩባንያው ራሱ አስፈርሞ የሚያወጣቸው ካርዶች ገበያውን ሞልተውታል። እነዚህ ከተራው ይልቅ አስተማማኝ ናቸው፤ ማጭበርበሪያ ግን አላጡም። የተለመደው ዘዴ ያው ንድፍ ያለውን ያልተፈረመ ካርድ ገዝቶ መፈረም ነው። ካርዱን አዙሩና ጀርባውን አንብቡ፤ የተፈረመው ዓይነት ኩባንያው ለፊርማው ዋስትና እንደሚሰጥ በጽሑፍ ያሰፍራል፣ የካርዱ ቁጥርም የተለየ ነው። ቁጥሩን ከስብስቡ ዝርዝር ጋር አመሳክሩ።

ፊርማው ግልጽ ወይም ብርማ ስቲከር ላይ ከሆነ የስቲከሩን አራት ጠርዞች በማጉያ ዙሩ። በፋብሪካ የተለጠፈ ቀጥ ብሎ፣ አየር ሳይዝ፣ ጠርዙ ሳይነሣ ይቀመጣል። የተላጠ ማዕዘን፣ አረፋ፣ ከሥሩ የተጣበቀ አቧራ ካለ ስቲከሩ ተቀይሯል ብላችሁ ጠርጥሩ። ካርዱ ተከታታይ ቁጥር ካለው፣ ለምሳሌ 25 ከ99፣ ያንኑ ቁጥር በቀደሙ ሽያጮች ፎቶ ውስጥ ፈልጉ። አንድ ቁጥር ሁለት የተለያየ ፊርማ ይዞ ከተገኘ ቢያንስ አንደኛው ሐሰት ነው።

ጆርዳን ከ1992 ጀምሮ ለአፐር ዴክ ብቻ በውል ይፈርማል፤ ኩባንያው ከፓኬት ውጭ የሚሸጣቸው ፊርማዎቹ ቁጥር ያለው ሆሎግራም አላቸው፣ ቁጥሩም በኩባንያው ድረ ገጽ ይጣራል። ከዚያ ዓመት ወዲህ «ከግል የማስፈረሚያ ዝግጅት የተገኘ» ተብሎ ያለ ሆሎግራም የሚቀርብ የጆርዳን ካርድ ላይ በጣም ጥብቅ ሁኑ።

ስላብና ሰርተፊኬት

ፒኤስኤ፣ ቤኬት፣ ጄኤስኤና ኤስጂሲ ካርድ ወይም ፊርማ የሚመረምሩ፣ በገበያው ተቀባይነት ያላቸው አረጋጋጭ ድርጅቶች ናቸው። ስላብ የሚባለው የታሸገ ፕላስቲክ ውስጥ ካርዱ ካለ መጀመሪያ መለያ ወረቀቱን ቃል በቃል አንብቡ። ስላቡ ስለ ካርዱ ብቻ ነው የሚናገረው ወይስ ስለ ፊርማውም? ለካርዱ ይዞታ የተሰጠ ነጥብ ለፊርማው ምስክር አይደለም።

ቀጥሎ ቁጥሩን በድርጅቱ ድረ ገጽ ወይም መተግበሪያ አጣሩ፤ ግን እዚያ አትቁሙ። ስላብ የሚያስመስሉ ሰዎች ከእውነተኛ ካርድ ላይ የተቀዳ ቁጥር ስለሚያትሙ ቁጥሩ «ትክክል» ተብሎ ይመጣል። በመዝገቡ ላይ ፎቶ ካለ የፊርማውን አቀማመጥ፣ የነጩን ጠርዝ ስፋትና የማዕዘኖቹን ጉዳት ከያዛችሁት ጋር አስተያዩ፤ ፊርማው በተጫዋቹ ፊት ላይ ነው ወይስ በትከሻው ላይ የሚለው ብቻ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ፎቶ ከሌለ መዝገቡ ዕቃውን እንዴት እንደሚገልጸው እዩ፤ መዝገቡ ኳስ እያለ እጃችሁ ያለው ካርድ ከሆነ ተለጣፊው ከሌላ ዕቃ ተላጥቶ የመጣ ነው። የፕላስቲኩን መገጣጠሚያም ዙሩት፦ የነጣ ስንጥቅ፣ በቢላዋ የተፈለቀቀ የሚመስል ጭረት፣ የሙጫ ቅሪት ካለ ተከፍቶ ነበር። መለያ ወረቀቱ ላይ ያሉት ደቃቅ ፊደሎች በማጉያ ሥር ጥርት ካላሉ ቤት ውስጥ የታተመ ነው።

ስሙ ከማይታወቅ ሱቅ የመጣ፣ ወርቃማ ማኅተም ያለበት የሚያምር ወረቀት ዋጋ የለውም። በካሊፎርኒያ 50 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ የተፈረመ የስፖርት ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ዝርዝር ያለው የጽሑፍ ዋስትና እንዲሰጥ በሕግ ይገደዳል፤ እዚያ የምትኖሩ ይህን መጠየቅ መብታችሁ ነው። ቢሆንም ሕጉ የሚያስይዘው ሻጩን ነው እንጂ ፊርማውን እውነተኛ አያደርገውም።

ያልታሸገ ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት ጄኤስኤና ቤኬት በፎቶ ብቻ አስተያየት የሚሰጡበት በጥቂት ዶላር የሚገኝ አገልግሎት አላቸው። የመጨረሻ ማረጋገጫ አይደለም፤ ግልጽ የሆነውን ሐሰት ለመጣል ግን ከፍተኛ ወጪ ያድናል።

በኢንተርኔት ሲገዛ

ሻጩን እነዚህን ጠይቁ፦ የፊትና የኋላ ፎቶ ያለ ፕላስቲክ ሽፋን፣ ካርዱ ዘንበል ብሎ ብርሃን ሲያርፍበት የተነሣ ፎቶ፣ የፊርማው 600 ዲፒአይ ስካን፣ አጠገቡ የዕለቱ ቀን በወረቀት ተጽፎ የተነሣ ፎቶ። እውነተኛ ሻጭ ይህ አይከብደውም። ሌሎች የሚሸጣቸውን ዕቃዎችም ገልብጡ። የተለያዩ ተጫዋቾች ፊርማ ሁሉ በአንድ ዓይነት ሰማያዊ ማርከር፣ በአንድ ዓይነት ውፍረት፣ ካርዱ ላይ አንድ ቦታ ላይ ከሆነ የጻፈው አንድ እጅ ሊሆን ይችላል።

ዋጋውንም አስቡበት። ያልተረጋገጠ ፊርማ ከተረጋገጠው በብዙ እጥፍ ይረክሳል፤ ማረጋገጫው ደግሞ ከልዩነቱ ጋር ሲተያይ ትንሽ ወጪ ነው። ታዲያ ሻጩ ያንን ጥቂት ከፍሎ ብዙ የማያተርፈው ለምንድን ነው? አብዛኛውን ጊዜ አንድም ሞክሮ ውድቅ ተደርጎበታል፣ አንድም ምን እንደሚባል ያውቃል። «አስረጋግጬው ቢወድቅ ገንዘቤን ትመልስልኛለህ?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁት፤ መልሱ ብዙ ይነግራችኋል።

ክፍያው በክሬዲት ካርድ ወይም ለገዢ ጥበቃ በሚሰጥ መንገድ ይሁን፤ በዜል (የአሜሪካ የገንዘብ መላኪያ) ወይም «ለጓደኛ» ተብሎ የተላከ ገንዘብ አይመለስም። ኢቤይ ላይ ቅሬታ ለማቅረብ ያለው ጊዜ ዕቃው ከደረሰ በኋላ 30 ቀን ነው። አዲስ አበባ ሆናችሁ አሜሪካ ባለ ዘመድ በኩል የምታስገዙ ከሆነ ይህን ቆጠራ አትርሱ። ዕቃው ዘመድ ቤት ተቀምጦ መንገደኛ እስኪገኝ ቀኑ ያልፋል፤ ወደ ሌላ አገር ከተላከ በኋላም ዋስትናው ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ ዘመዳችሁ እሽጉን በደረሰበት ቀን ቪዲዮ እየቀረጸ ይክፈተው፤ በጎን ብርሃንና በቅርብ ፎቶ አንሥቶ ይላክላችሁ፤ ፍርዱ ካለቀ በኋላ ብቻ መንገደኛ ይፈለግ።

ሐሰት ሆኖ ከተገኘ የማስታወቂያውን ገጽ፣ የሻጩን መልእክቶችና የክፍያውን ደረሰኝ ከመጥፋታቸው በፊት በፎቶ አስቀምጡ፤ ሻጮች ማስታወቂያውን በፍጥነት ያነሣሉ። ቅሬታውን ለመገበያያ ድረ ገጹና ለክሬዲት ካርድ ኩባንያው አቅርቡ፤ ሻጩ አሜሪካ ውስጥ ካለ የኤፍቢአይ የኢንተርኔት ወንጀል መቀበያ በድረ ገጹ አቤቱታ ይወስዳል። ገንዘቡ ተመልሶ ካርዱ እናንተው ጋር ከቀረ ጀርባው ላይ በማይለቅ ቀለም «ፊርማው ሐሰት» ብላችሁ ጻፉበት፤ ከእናንተ ቀጥሎ የሚይዘው ሰው እንዳይታለል።